30 ሥዕል፣ 27 ደቂቃ፦ መልሱ ሲታወቅ የሚያልቅ የግምት ጨዋታ ጎደሎ ነው?

የመነሻ ጥያቄ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ብርዷን ስትለቀው፣ ከእህቴ ልጅ ጋር የከሰል ምድጃ ዳር ተቀምጠን አንድ አዲስ የስልክ ጨዋታ ከፈትን። ጨዋታው የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው። ከኋላው ትልቅ ድርጅት የለም፤ በመሀል ማስታወቂያ አያስገባም። አንድ ሥዕል ይመጣል። ሥዕሉ በ16 ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሸፍኗል፤ አንዱን በጣት ሲነኩት ይገለጣል፤ በተገለጠ ቁጥር ነጥብ ይቀነሳል። ከተገለጠው ቁራጭ ተነሥቶ ቦታውን ወይም ነገሩን ገምቶ መጻፍ ነው። ሥዕሎቹ በሙሉ የሰሜን ሸዋ ናቸው፦ የጣርማበር ዋሻ፣ የአንኮበር ተራራ፣ የጅሩ ጥቁር አፈር፣ የመንዝ ባና፣ ሌላም ሌላም።

30ውን ሥዕል በ27 ደቂቃ ጨረስን። እነዚያን 27 ደቂቃዎች በምንም አልለውጣቸውም። ልጅቱ 11 ዓመቷ ነው፤ አንድ ቡናማ ጥግ ብቻ ዐይታ ባና ነው ስትል፣ እኔ የታረሰ መሬት ነው ብዬ ስከራከር፣ እርሷ ትክክል ሆና ስትዘል ነው ያመሸነው። በማግስቱ ግን ያንኑ ጨዋታ ስንከፍተው አንድም ማዕዘን ሳትነካ መልሶቹን በተራ ትጽፍ ጀመር። ሥዕሎቹ የሚመጡበት ቅደም ተከተል እንኳ ያው ነው። በ4 ደቂቃ አለቀ። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ደብተሯ ሄደች።

የከፈልኩት 60 ብር ነው፤ ብሩ አይቆጨኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መልሱ ሲታወቅ የሚያልቅ ጨዋታ ጎደሎ ነው ልንል ይገባል? ወይስ ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠ ነው? የሚታከልበት ነገር ካለስ ምንድን ነው? ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በዚህ የኢንተርኔት ውይይት (ክር) ላይ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ደብረ ሲና ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ጨዋታውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደተጫወተውና ዳግመኛ ሊከፍተው እንደማያስብ፣ በዚህም ቅር እንዳልተሰኘ ገለጸ። የጣርማበርን ዋሻ ያወቀው በአንድ ማዕዘን፣ በድንጋዩ ጥቁረት ብቻ ነው። ልጅ ሳለ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲመለስ በወዲህ በኩል ጉሙ ዐይን እያሳጣ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፈው ሲወጡ ቆላው ድንገት ከእግራቸው በታች ተዘርግቶ ይጠብቃቸው ነበር። ያን ሁሉ አንድ የድንጋይ ቁራጭ ስለመለሰለት፣ 60 ብሩን የከፈለው ለአንድ ጉዞ እንደሆነ ይቆጥረዋል።

መልስ 2። የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። በእርሱ አስተያየት የግምት ጨዋታ የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ መልሱ ይታወቃል፣ ወይ ዘዴው ይታወቃል። ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ደብቄ ከፍ በል፣ ዝቅ በል እያልኩ ብመራህ፣ ዘዴውን የማታውቅ ከሆነ ስትባዝን ታመሻለህ። ሁልጊዜ መሀሉን እየጠየቁ የቀረውን ለሁለት መክፈል እንደሚቻል ካወቅህ ግን ቢበዛ በ7 ግምት ትደርስበታለህ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየጊዜው ቢለዋወጥም ጭንቅላት ሥራ ፈትቷል። በዚሁ ስሌት አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ ብቻ የሚሰጥባቸው 20 ጥያቄዎች፣ እያንዳንዳቸው የቀረውን እኩል የሚከፍሉ ከሆነ፣ 1,048,576 ነገሮችን አንዱን ከሌላው ሊለዩ ይችላሉ። የእኛ ጨዋታ ግን ምንም ዘዴ አይገዛውም፤ የአንኮበርን ቋጥኝ ከሌላ ቋጥኝ የሚለይ ቀመር የለም። ስለዚህ የሚሞተው በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተሻለው ሞት ነው ሲል ደመደመ። ይህን ክፍፍል ከዚህ ቀደም ዐስቤው ስለማላውቅ አመስግኜዋለሁ።

መልስ 3። ሦስተኛው ሰው በተማሪው ላይ ጠንከር ብሎ መጣ። ለሁለት የመክፈሉ ዘዴ ሁልጊዜ ቢበዛ በ7 ግምት ቢያደርስም፣ ከሁሉ የተሻለው መሆኑ የሚረጋገጠው እያንዳንዱ ቁጥር የመደበቅ እኩል ዕድል ሲኖረው ነው፤ ሰው ግን እንዲያ አይደብቅም። ታናሽ ወንድሙ ሩቅ ይመስለዋልና ዘወትር 99ን ይደብቃል። እርሱን የሚያውቅ ሰው ከ50 ቢጀምር ጊዜውን ያባክናል። ሁሉን ነገር በሒሳብ መለካት የተማረ ሰው በሽታ እንደሆነም ጨመረ። እርማቱ ትክክል ነው፤ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን ለዚያ ጨዋ ልጅ የሚገባ አልነበረም።

መልስ 4። እዚህ ላይ ከእነዋሪ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ገቡ፤ የክሩ መልክ የተለወጠው በእርሳቸው ነው። መልሱ ቢታወቅም የማይሞት የግምት ጨዋታ ሁላችንም ቤት ውስጥ አድገንበታል፤ እንቆቅልሽ። በእርሳቸው የልጅነት ቤት፣ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ በገባበት ሰሞን፣ ማታ ማታ ልጆች ከእሳቱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በአንድ ጋን ሁለት ዓይነት ጠላ የሚለው እንቁላል እንደሆነ፣ ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ወንዝ እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ሆኖም በየማታው ይጠየቅ ነበር። ለምን ቢባል፣ ጨዋታው መልሱ ላይ አያልቅማ። ያቃተው ሰው አገር መስጠት አለበት። ጠያቂው ደግሞ የተሰጠውን አገር ሁሉ አይቀበልም፤ ያማርጣል። መምህሩ ደብረ ብርሃንን ሲሰጧት የምትመልስ፣ ጅሩን ሲሰጧት ፊቷን የምታዞር፣ አንኮበር ሲባል ብቻ የምትስማማ አንዲት የአክስት ልጅ ነበረቻቸው። አንኮበር ከገባች በኋላ የምትበላውን፣ የምትጠጣውን፣ የምትለብሰውን ትዘረዝራለች፤ የተሸነፈውን ደግሞ ቤቱ እስኪስቅ ድረስ ትሞልጨዋለች። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው። እንዲያውም ልጆቹ መልሱን እያወቁ፣ ስድቡን ለመስማት ሲሉ ብቻ እንዳላወቀ ሆነው አገር ይሰጧት ነበር።

ይህን ሳነብ ቅዳሜ ማታ የሣቅነውና እሑድ ያልሣቅነው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቅዳሜ እኔ ነበርኩ ተቃዋሚዋ፤ እሑድ ከስልኩ ጋር ብቻዋን ነበረች።

መልስ 5። ይህኛው ተቆጥቶ ነው የጻፈው። እንቆቅልሽ በነጻ ነው፤ ጨዋታው ግን በገንዘብ ይሸጣል፤ ለግማሽ ሰዓት 60 ብር መጠየቅ ዝርፊያ ነው፤ እኛም ያገር ልጅ ሥራ ነው እያልን ሰነፍ ሥራ እንሸፋፍናለን ሲል ወቀሰ።

መልስ 6። ከመሐል ሜዳ የሚጽፍ ሰው ለ5ኛው በተመሳሳይ ቁጣ መለሰለት። ጓሳ በተባለው የመንዝ ደጋ ላይ ቀይ ቀበሮ ፎቶ ለማንሣት ሌሊት ተነሥቶ በውርጭ ላይ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ስለ ስንፍና ሊናገር አይገባውም የሚል ነው መንፈሱ። ከቁጣው ቀጥሎ ግን እኔን እስከ አሁን የሚያሳስበኝን አንድ ሐሳብ አመጣ። የመንዝ አባቶች ጓሳውን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት ዘግተው ነው። ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ማንም እንዳያጭድ፣ ከብትም እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ሲደርስ ተሰብስበው ይከፍቱታል፤ ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት የጓሳ ሣር በዚያ መልክ ነው የኖረው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ ስም ጥበቃውን ቀጥሏል። ጨዋታውንም እንዲሁ ዝጉት ነው ምክሩ። ሁለት ዓመት ይቀመጥ፤ ያኔ መርሳት እንደ ሣሩ ይበቅላል፤ እንደገናም ይታጨዳል።

ልጆች ግን አይረሱም፤ እዚህ ላይ ነው ከእርሱ ጋር የማልስማማው። የ11 ዓመት ልጅ ያየችውን ሥዕል ለመርሳት ሁለት ዓመት አይበቃትም። ለእኔ ለራሴ ግን ስድስት ወርም ይበዛል።

መልስ 7። የአንኮበር ልጅ ነኝ የሚል ሰው ስለ ሥዕል ቁጥር 4 አነሣ። ከግምቱ በኋላ የሚወጣው አጭር ማብራሪያ ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት በአንጎለላ ነው ስለሚል፣ ይህ ስሕተት ነውና ወደ አንኮበር ይታረም አለ።

መልስ 8። የእነዋሪው መምህር ተመልሰው፣ በትሕትና ግን ሳያወላውሉ፣ ጨዋታው ትክክል እንደሆነ አስረዱ። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው፤ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ በአንጎለላም ይቀመጡ ነበርና። አንኮበርን ከምኒልክ ጋር የሚያስተሳስረው ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ መቀመጫቸው መሆኗ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ከመልስ 9 እስከ 12 ያሉት አራት ጽሑፎች የአንኮበርና የአንጎለላ ክርክር ናቸው። ጨዋታውን የሚያነሣ የለም። የመጨረሻው እንዲያውም ወደ መንገድ ጥገና ተሻግሯል። የማይጠቅም ነው አልልም፤ የዚህ ክር ጉዳይ ግን አይደለም።

መልስ 13። አንዲት እናት መልሰው ወደ ጉዳዩ አገቡን። ልጃቸው ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበትን፣ ሣር የሚነጭ እንስሳ ዐይቶ ዝንጀሮ ብሎ ቢጽፍ ጨዋታው አልቀበልም አለው፤ የሚፈልገው ጭላዳ የሚለውን ነው። ይህ ግን ተገቢ ነው ባይ ናቸው፤ ልጁ ልዩነቱን የተማረው በዚያ ነውና። ያናደዳቸው ሌላ ነው። ሰላ ድንጋይ ብሎ ሲጽፍም ስሕተት ነው መባሉ ነው። ልጁ ፊደሉን ለዋውጦ፣ በሠራዊቱ ሠ ቢጽፈው ተቀበለው።

እኔም በመልስ 14 የራሴን ጨመርኩ። የእህቴ ልጅ የከተማውን አደባባይ ከሁለተኛው ማዕዘን ለይታው፣ በሃሌታው ሀ መሀል ሜዳ ብላ ጻፈች። ቀይ ምልክት መጣ። ሌላ ማዕዘን ገለጠች፤ እንደገና ያንኑ ጻፈች፤ እንደገና ቀይ። 16ቱም ተገልጠው፣ ነጥቧ ወደ ዜሮ ወርዶ፣ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ፊቷ ተዘርግታ ሳለ ያወቀችውን ነገር አላወቅሽም ተባለች። ዐይኗ እንባ ሲያቀር ዐየሁ። ስልኩን ተቀብዬ በሐመሩ ሐ ስጽፈው አለፈ። ጨዋታው አጭር መሆኑን ይቅር እለዋለሁ፤ ያወቀን ልጅ አላወቅህም ማለቱን ግን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

መልስ 15። የኮምፒውተር ተማሪው መፍትሔው ቀላል መሆኑን አስረዳ። መልሱ ከመነጻጸሩ በፊት ሀን፣ ሐንና ኀን ወደ አንድ፣ ሰንና ሠን ወደ አንድ፣ አንና ዐን ወደ አንድ፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ሃን ከሀ ጋር፣ ኣንም ከአ ጋር መርሳት አይገባም። በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም እንደዚሁ ቢዘለል መልካም ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለ።

መልስ 16። እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ ግእዝ የተማሩ ሰው፣ ፊደልን መጨፍለቅ ቋንቋን መጨፍለቅ ነው ብለው ተነሡ። ሠዓሊ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ሥዕል የሚሥል ነው፤ ሰአሊ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ለምኚ ማለት ነው፤ ሁለቱን አንድ ያደረገ ጨዋታ ልጆቻችንን ያደነቁራል አሉ። ተማሪውንም ያልተገራ ትውልድ ብለው ጠሩት።

መልስ 17። እናትየዋ መለሱላቸው፤ በአጭሩና በጥሩ ሁኔታ። ጨዋታው ግምቱን ይቀበል፤ ከተቀበለ በኋላ ትክክለኛውን አጻጻፍ በትልቁ ያሳይ። ልጅ ፊደል የሚማረው ሲመሰገን እያየ ነው፤ ሲባረር አይደለም። ይህን የማይሻር ፍርድ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ የግእዙ ሰውም አልመለሱም።

መልስ 18። ጨዋታውን የሠራችው ወጣት ራሷ መጣች! የመንዝ ልጅ ናት። ማንንም አልወቀሰችም። 5ኛው መልስ ላይ እንኳ በቅሬታ አልተናገረችም፤ ብሩ ለበዛበት ሰው ይቅርታ ጠይቃ ወደ ሥራው ገባች። ሥዕሎቹ 30 ብቻ የሆኑበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሁሉንም በእግሯና በአውቶቡስ እየዞረች በራሷ ስልክ ነው ያነሣችው፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ጉም እየከለላት ባዶዋን ተመልሳለች። ሁለተኛው ክብደት ነው። ጨዋታው 38 ሜጋባይት ነው። ሥዕል በተጨመረ ቁጥር ይከብዳል፤ ኔትወርክ ዛፍ ላይ ወጥቶ በሚፈለግበት ቀበሌ ያለ ልጅ ደግሞ ማውረድ ያቅተዋል። እርሷ ያን ልጅ ዐስባ ነው የሠራችው። የፊደሉን ነገር አምና ተቀብላ በሚቀጥለው እትም እንደምታርም ቃል ገባች።

እኔ እንደ ጉድለት የቆጠርኩትን ቅደም ተከተልም አስረዳች፤ ይህን ሳነብ ችኩልነቴ ተሰማኝ። ሥዕሎቹ መንገድ ናቸው። ከአንጎለላ ተነሥተው በደብረ ብርሃን አድርገው፣ አንኮበርን ጎብኝተው፣ ጣርማበር ይደርሳሉ፤ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደው ይመለሱና፣ በመዘዞና በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ ገብተው ጓሳ ላይ ያልቃሉ። እንደ ዕጣ ቢዘበራረቁ መንገዱ ይጠፋል። እያንዳንዱን ሥዕል ስትገምት ቀጣዩ ወደየት ሊሆን እንደሚችል ከመንገዱ ትገምታለህ። ይህን ልብ አላልኩም ነበር፤ የእህቴ ልጅ ግን ልብ ብላለች መሰለኝ፤ ከ20ኛው ሥዕል በኋላ አፏ ፈጠነ።

መልስ 19። አንዱ በየቀኑ አንድ ሥዕል ብቻ ይከፈት አለ። በአሜሪካ የሚኖር ጆሽ ዋርድል የተባለ ባለሙያ ወርድል የተሰኘውን የቃል ግምት ጨዋታ ለፍቅር ጓደኛው ብሎ ሲሠራ፣ ለሁሉም ሰው በቀን አንድ ቃል ብቻ እንዲሰጥ አደረገ፤ በጥር 2014 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። ሰው የሚወደው ነገ እስኪመጣ መጠበቁን ነው።

መልስ 20። ሌላው በዚህ ላይ፣ ያ ጨዋታ በሺህ የሚቆጠር ቃል እንዳለው፣ የእኛው ግን በ30 ቀን እንደሚያልቅ አስታወሰ። 27 ደቂቃን ወደ አንድ ወር መለጠጥ ደግሞ ቅዳሜ ማታን ከቤተሰብ መውሰድ ነው። ከዚህኛው ጋር ነኝ። አንድ ላይ ተቀምጦ የሚጨረስ ነገር በአንድ ማታ መጨረሱ መልካም ነው።

መልስ 21። 5ኛው ተመልሶ መጣ። ሠሪዋ ራሷ ትመልሳለች ብሎ እንዳልጠበቀ፣ ዝርፊያ ያለውን ቃል እንደሚያነሣ፣ አጭር መሆኑ ግን ከመግዛቱ በፊት ቢገለጽለት እንደሚመርጥ ጻፈ። ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። 30 ሥዕል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚል አንድ መስመር በመግለጫው ላይ ቢኖር ማንም አይጎዳም። ሠሪዋም በዚያው ሰዓት ጨመረችው።

መልስ 22። የመጨረሻው የመምህሩ ነው። ስልኩ ጠያቂ ብቻ ሆኖ ስለቀረ ነው አሉ። በእንቆቅልሽ ተራው ይዞራል፤ አሁን የተሸነፈው በቀጣዩ ጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱን ፎቶ ከልሎ ለዘመዱ የሚያቀርብበት በር ይከፈትለት። ሥዕሉ ከባለ ስልኩ ስለሚመጣ የጨዋታው ክብደት አይጨምርም። ሠሪዋ ይቻላል አለች፤ የምትደርስበትን ጊዜ ግን አልወሰነችም።

እኛ አልጠበቅናትም። ትናንት እናቴ ከሞላሌ መጥታ ነበር። የእህቴ ልጅ ከሣጥን የአባቴን አሮጌ ፎቶ አወጣች፤ ከደብተሯ ቅጠል 16 ቁራጭ ወረቀት ቀድዳ ፎቶውን ከደነችው። ከዚያ እናቴ ፊት አስቀምጣ ጨዋታውን በራሷ መንገድ አስረዳቻት። እናቴ መነጽሯን አላደረገችም። ጣቷን ከታች በግራ በኩል ያለው ወረቀት ላይ አሳርፋ አነሣችው። የተገለጠው ጥቁር የበርኖስ ጠርዝ ነበር፤ ሌላ ምንም የለበትም። ወዲያው የአባቴን ስም ጠራች። ልጅቱ በምን ዐወቅሽው ብትላት፣ ጠጉሩን የፈተልኩት እኔ ነኝ፣ ሸማኔው ጠርዙ ላይ አንድ ክር አጥፎ ነበር፣ ይኸውልሽ አለችና በጥፍሯ አሳየቻት። እውነትም አለ፤ ስንት ዓመት ስናየው የኖርነው ፎቶ ነው፣ እኔ አይቼው አላውቅም።

ነጥቡ 15 ሆኖ ተመዘገበላት። ልጅቱ ፎቶውን ልታነሣው ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት። እንደገና ክደኚው፣ አሁን ከላይ ልጀምር አለቻት።